ቅጠል የሌለው የደን ኦርኪድ ምን በልቶ ያድራል?

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው፦ «የምንኖረው በጀርመን፣ ጎቲንገን ከተማ አጠገብ ነው። በግንቦት መገባደጃ ልጆቼን ይዤ ቢች በሚባለው ዛፍ ደን ውስጥ ስንሸራሸር፣ ባለፈው ዓመት በረገፈው ቅጠል መካከል ብቅ ብሎ የቆመ፣ ከግርጌው እስከ አናቱ የማር ቀለም ያለው ተክል አየን። አንድም ቅጠል የለውም። የደረቀ መስሎኝ ነበር፤ ቀረብ ብዬ ሳይ ግን አብቧል። ያገኘናቸው የደን ሠራተኛ ‹ኦርኪድ ነው፤ ከብስባሽ ነው የሚኖረው› አሉን። እውነት ተክል ብስባሽ ይበላል? ወይስ እንደ አገራችን አቀንጭራ ጥገኛ ነው? በእኛ አገር ደን ውስጥስ ይገኛል? ነቅዬ የቅጠል ብስባሽ በሞላ የአበባ መትከያ ብተክለው ይጸድቅልኛል?»

ከመጨረሻው ጥያቄ ልነሳ፤ ሊዘገይ የማይገባው እርሱ ነውና። እባክዎ አይንቀሉት። አይጸድቅም። ብስባሹ የቱንም ያህል ለም ቢሆን፣ ጥላውና ውሃው ቢስተካከልለትም አይጸድቅም፤ ይህ ተክል ብስባሽ አይበላምና። የሚኖረው በቆሙት ዛፎች ነው። ዛፎቹን ደግሞ ራሱ አይነካቸውም። በመካከል ሌላ ፍጡር አለ፤ ነገሩን ያወሳሰበውም ያሳመረውም ያ ፍጡር ነው።

አስቀድመን ስለ ማንነቱ እንግባባ። የገለጹልኝ ተክል በሳይንሳዊ ስሙ ኔዮቲያ ኒዱስ አቪስ የሚባለው ነው፤ ጀርመኖች ፎግል ኔስትቩርትስ ይሉታል። ሁለቱም ስሞች የተነሱት ከሥሩ ነው፤ አጫጭርና ወፋፍራም ሥሮቹ እርስ በርሳቸው ተጠላልፈው ልክ የወፍ ጎጆ መስለው ይታያሉ። ስዊድናዊው የዕፅዋት ሊቅ ሊኔየስ በ1753 (እ.ኤ.አ.፤ ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትና ቀናት ሁሉ እንዲሁ ናቸው) ሲመዘግበውም ኒዱስ አቪስ፣ ማለትም የወፍ ጎጆ፣ የሚለውን ስም ነው የሰጠው። ከአውሮፓ እስከ ካውካሰስና ሰሜን ኢራን ድረስ ይገኛል። ከሁሉ ይልቅ የሚስማማው ጥላው የከበደ፣ አፈሩ የኖራ ድንጋይ የሆነ የቢች ደን ነው፤ የጎቲንገን ደን ደግሞ በትክክል እንዲህ ያለ ነው። ስለዚህ ያገኙበት ቦታ አያስገርምም።

ሆኖም በዚያው ደን ውስጥ አረንጓዴ ያልሆኑ ሌሎች ተክሎችም ስላሉ ላለመሳሳት ቀረብ ብሎ ማየት ይገባል። ላትሬያ የሚባለው በመጋቢትና በሚያዝያ ቀድሞ ያብባል፤ ቀለሙ ወደ ሐምራዊ ያደላ ነጭ ሲሆን አበቦቹ ወደ አንድ ጎን ብቻ ዞረው ይንጠለጠላሉ። ሞኖትሮፓ የሚባለው ደግሞ ዘግየት ብሎ በበጋቸው መካከል ይወጣል፤ እንደ ሰም የገረጣ ቢጫ ነው፤ አናቱንም እንደ መንጠቆ ወደ ታች ያጎነብሳል። ኦሮባንኬ የሚባሉት ከሩቅ በጣም ይመሳሰሉታል፤ አበባቸው ግን ቱቦ ነው፤ ወደ ውስጥ ቢመለከቱ ብናኝ የሚይዙ አራት ዘንጎች ተደብቀው ያገኛሉ። ሦስቱም ኦርኪድ አይደሉም።

የእርስዎን ተክል ለማረጋገጥ ትንሽ ማጉሊያ መነጽር ይዘው ይሂዱና አንዲት አበባ ሳይቀጥፉ ተንበርክከው ይመልከቱ። አምስት የአበባ ቅጠሎች ወደ ላይ ተሰብስበው ላላ ያለ ቆብ ይሠራሉ። ስድስተኛው ወደ ታች ይወርዳል፤ ኦርኪድ አጥኚዎች ከንፈር የምንለው እርሱ ነው። ርዝመቱ አንድ ሴንቲ ሜትር ገደማ ሲሆን ከሌሎቹ ጠቆር ይላል፤ ጫፉ ላይ ለሁለት ተከፍሎ፣ ሁለቱ ክፍሎች ወደ ግራና ወደ ቀኝ ይጠመዘዛሉ። ከንፈሩ ከአበባው ጋር የሚገናኝበት ቦታ ጎድጎድ ያለ ነው፤ በዚያ ጉድጓድ ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚያብረቀርቅ የአበባ ማር ጠብታ ይታያል። አፍንጫዎን ቢያስጠጉ ቀለል ያለ የማር ሽታ ያገኛሉ። ዝንቦችና ጉንዳኖች ይጎበኙታል፤ ማንም ባይመጣ ደግሞ የራሱ ብናኝ በራሱ ላይ ወድቆ ዘር ያፈራል። ከዚህም የሚያስገርመው፣ መውጫ ያጣ አበባ እዚያው መሬት ውስጥ አብቦ ዘር ማፍራቱ የተመዘገበ መሆኑ ነው። ሌላም ጥሩ ምልክት አለ፤ በአጠገቡ ዓይንዎን ጣል ያድርጉ። ያለፈው ዓመት አገዳ ደርቆ፣ የዘር ከረጢቶቹ ተሰነጣጥቀው፣ ክረምቱን አልፎ እንደ ቆመ ብዙ ጊዜ ይገኛል።

ቅጠል የለውም ያሉት እውነት ነው። አገዳው ላይ ተለጥፈው የሚታዩት ቅርፊት መሰል ነገሮች የቅጠል ቅሪት ናቸው፤ ሥራ ግን የላቸውም። ተክል ቅጠል የሚያወጣው በፀሐይ ብርሃን ስኳር ለመሥራት ነው፤ ይህኛው ያን ሥራ ትቶታል። መተዉ በውጫዊ መልኩ ብቻ አልተወሰነም። በተክል ህዋስ ውስጥ ብርሃን አስተፃምሮ፣ ማለትም ይህ በብርሃን ስኳር የመሥራት ሥራ፣ የሚካሄድበት ክፍል የራሱ የሆነ ዲኤንኤ አለው፤ በአረንጓዴ ኦርኪዶች ዘንድ ይህ ዲኤንኤ 150 ሺህ ገደማ ፊደላት ይረዝማል። በ2011 የኔዮቲያው ሲነበብ ወደ 92 ሺህ ዝቅ ብሎ ተገኘ። የጎደሉት ለብርሃን አስተፃምሮ የሚያገለግሉት ዘረመሎች ናቸው። እንግዲህ ፀሐይ በደንብ የሚያገኝበት ቦታ ቢወስዱትም አረንጓዴ ሊሆን አይችልም፤ መሣሪያው ራሱ ከውርሱ ጠፍቷል። የቅርብ ዘመዱ ኔዮቲያ ኦቫታ ግን በዚያው ደን ውስጥ ሁለት ሰፋፊ አረንጓዴ ቅጠሎች ዘርግቶ ይኖራል። እርሱንም ሳያዩት አልቀሩም፤ አበባው አረንጓዴ ስለሆነ ብዙ ሰው ልብ ሳይለው ያልፋል።

ታዲያ ስኳሩን ከየት ያመጣል? የደን ሠራተኛው የነገሩዎት መልስ ከአንድ መቶ ዓመት በላይ በመማሪያ መጻሕፍት ሲጻፍ የኖረ ነው፤ እርሳቸውን ልንወቅስ አይገባም። ተክሉ አረንጓዴ አይደለም፤ የሚበቅለው በወፍራም የቅጠል ንጣፍ ውስጥ ነው፤ ስለዚህ የሚመገበው ያንን የበሰበሰ ቅጠል መሆን አለበት፤ ሰው ሁሉ የደረሰበት ድምዳሜ ይህ ነበር። እኔም ተማሪ ሳለሁ የተማርኩት ይህንኑ ነው። ነገር ግን የደረቀ ቅጠልና እንጨት አፍርሶ ስኳር ማውጣት የሚችል ሥር ያለው አንድም የአበባ ተክል አልተገኘም። ያ ችሎታ የፈንገስ ነው፤ የባክቴሪያም ነው። ማዳበሪያ በምንለው ብስባሽ ውስጥ እንኳ የጓሮ አትክልት የሚወስደው ማዕድኑን ነው፤ ስኳሩን ራሱ በፀሐይ ይሠራል። ቅጠል የሌለው ተክል በብስባሽ መካከል ቢተከል ጠግቦ አያድግም፤ ይራባል።

መፍቻው የተገኘው በዚሁ እርስዎ ባዩት ዝርያ ላይ ነው፤ ታሪኩን በጣም ስለምወደው ትንሽ ላቆይዎት። ኖኤል ቤርናር የሚባል የ25 ዓመት ፈረንሳዊ በ1899 የውትድርና ግዴታውን እየፈጸመ ነበር። ግንቦት 3 ቀን በፎንቴንብሎ ደን ውስጥ ሲዘዋወር፣ ወድቆ በቅጠል የተሸፈነ የኔዮቲያ አገዳ አገኘ። ከነፍሬው ወድቆ ስለነበር ዘሮቹ ሳይበተኑ እዚያው ተጠራቅመዋል። አንዳንዶቹም በቅለዋል። በዚያን ዘመን አትክልተኞችም ሆኑ ሊቃውንት የኦርኪድ ዘር እንዴት እንደሚበቅል አያውቁም ነበር፤ በሚሊዮን የሚቆጠር ዘር ይዘራሉ፤ አብዛኛው ጠፍቶ ይቀራል። ቤርናር ቡቃያዎቹን በማይክሮስኮፕ ሲመረምር በእያንዳንዳቸው ውስጥ ፈንገስ አገኘ። ፈንገስ ያልገባበት ዘር አልበቀለም። ከዚያ ተነስቶ፣ የኦርኪድ ዘር ያለ ፈንገስ ሕይወት መጀመር እንደማይችል አሳየ። ቤርናር በሳንባ ነቀርሳ በ1911 ሲሞት 36 ዓመቱ ነበር። በዓለም ላይ ያለ ማንኛውም የኦርኪድ እርሻ ለዚህ ወጣት ባለዕዳ ነው።

ምክንያቱ በዘሩ ውስጥ ነው። ጤፍ ትንሽ እህል ነው እንላለን፤ በኦርኪድ ዘር አጠገብ ግን ጤፍ ግዙፍ ነው። የጤፍ ፍሬ ለቡቃያው ስንቅ የሚሆን ዱቄት በውስጡ ይዟል። የኦርኪድ ዘር ለመብቀል የሚበቃው ስንቅ የለውም፤ ነፋስ እንደ ትቢያ ይዞት ይሄዳል፤ የወደቀበት ቦታ ላይ ትክክለኛው ፈንገስ ካገኘው በፈንገሱ ክሮች በኩል ምግብ ይደርሰዋል፤ ካላገኘው ያበቃለታል። በ1922 አሜሪካዊው ሉዊስ ክኑድሰን ዘሮቹን ስኳር ባለበት ንጹሕ መደብ ላይ ያለ ፈንገስ ሲያበቅላቸው፣ ከፈንገሱ ይመጣ የነበረው ዋና ነገር ስኳር መሆኑ ግልጽ ሆነ። ዛሬ በየሱፐርማርኬቱ የሚሸጡት ባለ ነጭና ባለ ሐምራዊ አበባ ኦርኪዶች በብዛት የሚመረቱት በዚሁ መንገድ ነው። እነዚያ ግን ካደጉ በኋላ አረንጓዴ ቅጠል አውጥተው ራሳቸውን ይችላሉ። ኔዮቲያ አይችልም። ሌሎች ኦርኪዶች በጨቅላነታቸው ብቻ የሚያደርጉትን እርሱ ዕድሜ ልኩን ያደርገዋል።

ሥሩን በስስ ቆርጠው በማይክሮስኮፕ ቢያዩት ነገሩ በዓይን ይታያል። ከቆዳው ሥር ባሉት የህዋስ ረድፎች ውስጥ፣ በእያንዳንዱ ህዋስ፣ የፈንገስ ክር ተጠቅልሎ እንደ ክር ኳስ ሆኖ ይታያል። አንዳንዱ ኳስ ክሮቹ በግልጽ የሚለዩ፣ ገና ትኩስ የገባ ነው። ጎረቤቱ ላይ ደግሞ ክሮቹ ተጨማድደው፣ ቅርጻቸውን አጥተው፣ ወደ ቡናማ ጓል ተለውጠዋል፤ ይህኛውን ተክሉ ፈጭቶታል። ወደ መሐል ሲገቡ ፈንገስ የለም፤ ህዋሶቹ በተከማቸ ስታርች የተሞሉ ናቸው። ይህ ማለት በላተኛው ኦርኪዱ፣ የሚበላው ደግሞ ፈንገሱ ነው። እንጉዳይ ሰውን ሊመርዝ፣ ዛፍን ሊያበሰብስ እንደሚችል ሁላችንም እናውቃለን፤ ፈንገስን ወደ ሥሩ አስገብቶ የሚፈጭ አበባ መኖሩ ግን ዛሬም ባየሁት ቁጥር ያስደንቀኛል።

እስከዚህ ድረስ የደን ሠራተኛው በከፊል ልክ ሊሆኑ ይችሉ ነበር፤ ፈንገሱ ብስባሹን ይበላል፤ ኦርኪዱ ፈንገሱን ይበላል ልንል እንችላለን። ብዙ ሊቃውንትም ለረጅም ጊዜ እንዲህ አስበው ነበር። ነገር ግን ፈንገስ ሁሉ ከብስባሽ አይኖርም። በ1885 በርሊን ውስጥ አልበርት ፍራንክ የሚባል ሊቅ የፕሩሺያ መንግሥት ትሩፍል የተባለውን የመሬት ውስጥ እንጉዳይ ማልማት ይቻል እንደሆነ እንዲያጠና አዞት ሳለ፣ የቢችና የኦክ ዛፎች የሥር ጫፎች በፈንገስ ተሸፍነው እንደሚኖሩ አስተዋለ። በሽታ አልነበረም። ፈንገሱ ውሃና ማዕድን ለዛፉ ያቀርባል፤ ዛፉ በቅጠሉ የሠራውን ስኳር ለፈንገሱ ይከፍላል። በአውሮፓ ደኖች ከጫማችን ሥር ያለው አፈር በእንዲህ ያለ ንግድ የተሞላ ነው።

ኔዮቲያ የሚበላው የትኛውን ዓይነት ፈንገስ እንደሆነ የታወቀው በ2002 ነው። በእንግሊዝ የሼፊልድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ዘሮቹን በረቂቅ መረብ ከረጢት ቋጥረው በደን አፈር ውስጥ ቀበሩ። ቆይተው ሲያወጧቸው የበቀሉት ሴባሲና የተባለው ፈንገስ የደረሰባቸው ብቻ ሆነው ተገኙ፤ ሴባሲና ደግሞ በደኑ ሁሉ አይገኝም፤ እዚህም እዚያም ተራርቆ ነው ያለው። በዚያው ዓመት ማርክ አንድሬ ሴሎስና ባልደረቦቹ በፈረንሳይ በዲኤንኤ ሲመረምሩ፣ በኦርኪዱ ሥር ውስጥ ያለውን ፈንገስ በአጠገቡ ባሉት ዛፎች የሥር ጫፎች ላይም አገኙት። ሴባሲና የዛፍ ሸሪክ ነው። የሚኖረው ዛፉ በሚከፍለው ስኳር ነው።

በ2003 ደግሞ ጀርመን ውስጥ የባይሮይት ዩኒቨርሲቲው ጌርሃርድ ጌባወርና ባልደረባው በሌላ መንገድ ወደዚሁ ደረሱ። ካርቦንና ናይትሮጂን ቀላልና ከባድ የሆኑ ሁለት ሁለት የተረጋጉ አይሶቶፖች፣ ማለትም በክብደት ብቻ የሚለያዩ የአንድ ንጥረ ነገር ዓይነቶች፣ አሏቸው። የደን ፈንገሶች በአካባቢያቸው ካሉት አረንጓዴ ተክሎች ይልቅ ከባዱን በብዛት ይይዛሉ፤ ፈንገስ የሚበላ ተክልም ያንን ምልክት ይወርሳል። በኔዮቲያ አገዳ ውስጥ የተለካው መጠን ከጎረቤት አረንጓዴ ተክሎች በግልጽ ከፍ ያለ ነበር። ከነዚህ ሁሉ ቀደም ብሎ፣ በ1960፣ ስዊድናዊው ኤሪክ ቢዮርክማን ከላይ ስሙን ባነሳሁት በሞኖትሮፓ ላይ በቀጥታ ሞክሮት ነበር፤ ጨረር አመንጪ ካርቦን ያለበት ስኳር ወደ ዛፍ ግንድ አስገብቶ ሲጠብቅ፣ ያው ካርቦን በአጠገቡ በበቀለው ሞኖትሮፓ ውስጥ ተገኘ።

እንግዲህ ልጆችዎ ቢጠይቁዎ እንዲህ ብለው ይንገሯቸው፦ የቢች ዛፍ ከላይ በቅጠሉ ስኳር ይሠራል፤ ለሥሩ ፈንገስ ይከፍላል፤ ኦርኪዱ ከፈንገሱ ላይ ይወስዳል። ስለዚህ በጨለማው ደን ወለል ላይ የቆመው ይህ ማር የመሰለ ተክል በመጨረሻው ሒሳብ የፀሐይ ብርሃን ነው የሚበላው፤ ብርሃኑን የሰበሰቡለት የሌላ ቅጠሎች ናቸው። በምላሹ ለፈንገሱ የሚሰጠው ጥቅም እስካሁን አልታየም።

የደን ሠራተኛው አባባል ለሌሎች ኦርኪዶች ይበልጥ ይቀርባል። በቻይና ለባህላዊ መድኃኒት የሚለማው ጋስትሮዲያ ኤላታ አርሚላሪያ ከሚባል እንጨት ከሚያበሰብስ ፈንገስ ይመገባል፤ ገበሬዎቹ ግንድ ቆርጠው፣ ፈንገሱን አስይዘው፣ ከኦርኪዱ ጋር ይቀብሩታል፤ ምርትም ያገኛሉ። ከሐሩራማው አፍሪካ እስከ እስያና አውስትራሊያ የተሰራጨው ኤፒፖጊየም ሮዚየምም ሙት ቅጠልና እንጨት ከሚያበሰብሱ ፈንገሶች ጋር ነው የሚኖረው። እነዚህን ከብስባሽ ይኖራሉ ብንል ስህተቱ ትንሽ ነው። ያን ጊዜም ቢሆን አብሳዩ ፈንገሱ ነው።

አቀንጭራን ማንሳትዎ ደስ አሰኝቶኛል፤ ልዩነቱ ብዙ ያስተምራልና። አቀንጭራ አረንጓዴ ቅጠል አለው፤ ግን በማሽላው ወይም በበቆሎው ሥር ላይ የራሱን መምጠጫ ሰክቶ ውሃና ምግብ በቀጥታ ይስባል። ገበሬው ማሳው ላይ ሐምራዊ አበባውን ሲያይ ጉዳቱ መሬት ውስጥ አስቀድሞ ተፈጽሟል። የኔዮቲያ ሥር ግን የቢችን ሥር አይነካም፤ የቆረጡት እንደሆነ ከዛፍ ጋር የሚያገናኘው መምጠጫ አያገኙም። በአንድ መቶ ዓመት ዛፍ ላይ የሚያደርሰው ጉዳትም ተለክቶ የሚታይ አይደለም። ሁለቱን የሚያገናኝ አንድ ነገር አለ፤ እርሱም ፈንገስ ነው። የማሽላ ሥር ማዕድን የሚያመጡለትን ፈንገሶች ለመጥራት የሚረጨው ንጥረ ነገር አለ፤ የአቀንጭራ ዘር ያንኑ ጥሪ ሰምቶ ይነቃል። በትውልድ ኢትዮጵያዊ የሆኑት ፕሮፌሰር ገቢሳ ኤጄታ በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን ያገኙት አቀንጭራን የሚቋቋም ማሽላ በማዳቀላቸው ነው፤ ከሥራቸው አንዱ ምሰሶ ይህን የሚያነቃ ንጥረ ነገር በጥቂቱ ብቻ የሚያወጡ ዝርያዎችን መለየት ነበር። ስለዚህ አቀንጭራን በቀጥታ የሰው ማዕድ ላይ እጁን እንደሚሰድ ጥገኛ፣ ኔዮቲያን ደግሞ በፈንገስ በኩል እንደሚኖር ጥገኛ አድርገው ቢይዙት ከእውነቱ አይርቁም።

በእኛ አገር ስለመኖሩ፦ ይህ ዝርያ በኢትዮጵያ የለም። ዘሩ በነፋስ ቢደርስ እንኳ የሚቀበለው አያገኝም። የቢች ዛፍ የለንም፤ ከዚያም በላይ የደጋ ደኖቻችን ነባር ዛፎች፣ ማለትም ጥድ፣ ዝግባ፣ ወይራና ኮሶ፣ ከሌላ ዓይነት ፈንገስ ጋር ነው የተወዳጁት። በ2003 የታተመ የኢትዮጵያና የጀርመን ተመራማሪዎች ጥናት በደረቅ የደጋ ደኖቻችን ዛፎች ሥር ያገኘው ፈንገስ የሥሩን ጫፍ ከውጭ የሚሸፍነውን ሳይሆን ወደ ህዋሱ ውስጥ የሚገባውን ዓይነት ነው። ለኔዮቲያ የሚሆነው የሴባሲና ንግድ በዚያ ሥር ላይ አይካሄድም። ቅጠል የለሽ ኦርኪዶች ግን በሐሩራማው አፍሪካ እርጥብ ደኖች አሉ፤ ከመሬት በላይ የሚታዩት ደግሞ ለአጭር ጊዜ ነው። ስለዚህ በክረምት በካፋ፣ በሸካ ወይም በሐረና ደን የሚያልፍ ሰው ካለ፣ ከቅጠል ንጣፍ ውስጥ የወጣ የገረጣ አገዳ ካየ፣ አበባውን ከቅርብ ፎቶግራፍ አንስቶ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ወደሚገኘው ብሔራዊ ሄርባሪየም (የደረቁ ዕፅዋት ናሙናዎች ስብስብ) ቢያደርስ ትልቅ ውለታ ይሆናል። እንዲህ ያሉ ተክሎች በሁሉም አገር ከሚገባው በታች የተመዘገቡ ናቸው።

ወደ አበባ መትከያዎ ልመለስ። ኔዮቲያን ሲነቅሉ የሚይዙት ሥሩንና በሥሩ ውስጥ ያለውን ጥቂት ፈንገስ ነው። ያ ፈንገስ ከዛፉ ሥር የተበጠሰ ዕለት ክፍያው ይቆምበታል። ኦርኪዱ በስታርቹ ጥቂት ሳምንት ይቆይ ይሆናል፤ አበባውንም ይጨርስ ይሆናል፤ ሰዎች «ጸድቆልኛል» የሚሉት ያን ጊዜ ነው። ከዚያ በኋላ ይበሰብሳል። የጠፋውም አንድ አበባ ብቻ አይደለም፤ አገዳው ብቅ ከማለቱ በፊት ተክሉ ዓመታት በመሬት ውስጥ አሳልፏል፤ ከሥሮቹ ጫፍ አዲስ ተክል ሊያወጣም ይችል ነበር። ሕጉንም ይወቁት፤ በጀርመን ነባር ኦርኪዶች ሁሉ በተፈጥሮ ጥበቃ ሕግ በተለየ ጥበቃ ሥር ናቸው፤ መቅጠፍም መንቀልም ክልክል ነው፤ «አላወቅሁም» ማለት ከቅጣት አያድንም። ቤትዎ ውስጥ ኦርኪድ እንዲኖር ከፈለጉ ከአበባ መደብር አንድ ፋሌኖፕሲስ ይግዙ፤ መስኮት አጠገብ ያስቀምጡት፤ ሥሩ ሲደርቅ ብቻ ያጠጡት፤ ለብዙ ዓመት ያብብልዎታል።

የኔዮቲያ ጠላት መጥረቢያ ነው፤ የቢቹ ጥላ ከተገፈፈ፣ ዛፎቹ ከተቆረጡ፣ ፈንገሱ ከፋዩን ያጣል፤ ኦርኪዱም ተከትሎ ይጠፋል። ብስባሹ እኮ ከቆረጣው በኋላም እዚያው አለ፤ እንዲያውም በቅርንጫፍና በቅጠል ቅሪት ይጨምራል። ተክሉ ብስባሽ በል ቢሆን ኖሮ ያን ጊዜ ይፋፋ ነበር። የኔዮቲያን ደን ማዳን ማለት ዛፎቹን ቆመው ማቆየት ነው፤ አንዲቱን አበባ በአጥር መክበብ አይጠቅምም።

በሚቀጥለው ግንቦት ሲሄዱ ልጆቹ በመንገዱ ላይ እንዲቆዩ ያድርጉ፤ ገና ያልወጡት ቡቃያዎች በአገዳው ዙሪያ ከላይኛው አፈር ሥር ስላሉ የእግር ክብደት ይጎዳቸዋል። እዚያችው ቦታ ላይ ካላዩት ተስፋ አይቁረጡ፤ በየዓመቱ አይወጣም፤ ጥቂት እርምጃ ራቅ ብለው ይፈልጉ። ያገኙትን መመዝገብ ከወደዱ ቀኑን፣ የአገዳዎቹን ብዛት፣ ባለፈው ዓመት የደረቁት መኖር አለመኖራቸውን ይጻፉ። ከሁሉ በላይ በአሥር ሜትር ዙሪያ የቆሙት ዛፎች የትኞቹ እንደሆኑ፣ ቢች ይሁን ኦክ ይሁን ሌላ፣ ለይተው ያስፍሩ። ሰው ሁሉ አበባውን ፎቶ አንስቶ ይሄዳል፤ የሚመግበውን ዛፍ የሚጽፍ ግን ጥቂት ነው፤ እኛ አጥኚዎች አጥብቀን የምንፈልገውም እርሱን ነው።